የጅማ መንገዶችና የስልካችን ካርታ፦ ጥያቄና መልስ

መኪኖችና ባጃጆች የሚተዉት የጉዞ ዱካ (ስልክ ወይም መከታተያ በየጊዜው የሚመዘግባቸው የቦታ ነጥቦች ተርታ) የስልክ ካርታን እንዴት እንደሚያርም ከጅማና ከአካባቢዋ የቀረቡትን ጥያቄዎች ሰብስቤ የምችለውን መልሻለሁ። የተደጋገሙትን አንድ ላይ አድርጌአቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኔ ባጃጅ ነጂ ነኝ። ሰፈራችን ውስጥ በኮብልስቶን የተሠራ ቅያስ አለ። ስልኬን ይዤ ዘወትር እመላለስበታለሁ፤ ካርታው ግን ዛሬም አያውቀውም። ለምን?

መልስ፦ መመላለስህ ብቻውን መንገድ አይሥልም፣ ወንድሜ። የንግድ ኩባንያዎች ካርታ ከሆነ፣ ከብዙ ስልኮች የተሰበሰበ ዱካ ይፈልጋል፤ ጥቂት ባጃጆች ብቻ የሚገቡበት ቅያስ ማስረጃው እስኪጠራቀም ይዘገያል። በ2004 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ የተጀመረው፣ በጎ ፈቃደኞች የሚሥሉት ነፃ ካርታ ኦፕንስትሪትማፕ ደግሞ ሰው ካልሣለው አይሣልም። እንደ ኦስማንድ ባለ መተግበሪያ ጉዞህን መዝግብና ፋይሉን ኦፕንስትሪትማፕ ላይ ጫን፤ ከዚያ ቅያሱን አንተው ልትሥለው ትችላለህ።

አንድ ዱካ ግን አይበቃም። ሰማዩ ክፍት በሆነበት ቦታ እንኳ ስልክ ወደ 5 ሜትር ገደማ ይስታል፤ ፎቅ ወይም ዛፍ ሲኖር ይብሳል። የተለያዩ ሰዎች በተለያየ ቀን የመዘገቡት ሲደራረብ ግን ወደ ግራ የሳተውና ወደ ቀኝ የሳተው እየተጣፋ መሐሉ ይለያል። በአንድ ቀን በአንድ ስልክ ደጋግሞ መመላለስ ያን ያህል አይረዳም፤ ስሕተቱም አብሮ ይመላለሳልና።

ጥያቄ፦ ከጅማ ወደ አጋሮ አይሱዙ እነዳለሁ። አንዳንዴ ስልኩ መንገድ ላይ ሳለሁ ቡና ውስጥ ያስገባኛል። ከዚያ ወዲያው ወደ አስፋልቱ ይመልሰኛል። ምን እየሠራ ነው?

መልስ፦ የጂፒኤስ ሳተላይቶች ወደ 20,200 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው፤ ምልክታቸው እኛ ዘንድ ሲደርስ እጅግ ደካማ ነው። የጥላ ዛፍ ሲሸፍነው ወይም ከገደል ላይ ነጥሮ ሲመጣ ቦታህ ይዛባል። ወደ አስፋልቱ የሚመልስህ ነጥቦችን ከመንገድ ጋር የሚያዛምደው ስሌት ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. የማይክሮሶፍት ተመራማሪዎቹ ፖል ኒውሰንና ጆን ክረም ያሳተሙት ዘዴ ዛሬም በሰፊው ይሠራበታል።

ስሌቱ ሁለት ነገር ይጠይቃል፦ ነጥቡ ለየትኛው መንገድ ይቀርባል? ከቀደመው ነጥብ ተነሥቶ በመንገዱ እዚህ መድረስስ ይቻላል? እንበል በአዌቱ ወንዝ ግራና ቀኝ ሁለት መንገዶች አሉ። አንዱ ነጥብ ወዲህ ማዶ፣ ቀጣዩ ወዲያ ማዶ ቢወድቅ፣ በመካከል ድልድይ ከሌለ መኪናው ወንዙን ዘልሎ አልተሻገረም። ስለዚህ ስሌቱ የሳተውን ነጥብ ትቶ ቅደም ተከተሉ የሚያስኬደውን መንገድ ይመርጣል።

ካርታው ላይ የሌለ መንገድ ሲገጥመው ግን ይቸገራል፤ በግድ ወደ ሌላ መንገድ ይጎትትሃል። እኔ ከሁሉ የሚያጓጓኝ ይኸው ነው። ከየትኛውም መንገድ ጋር አልገጥም ያሉ ነጥቦች በተለያዩ መኪኖች አንድ ቦታ ላይ ከተደራረቡ፣ እዚያ አዲስ መንገድ ተከፍቷል ብሎ መጠርጠር ይቻላል። መናኸሪያ ውስጥ የቆመ አውቶቡስ የሚያወጣውን እንደ ተበተነ ልቃቂት የተጠላለፈ መስመር ግን መንገድ ብሎ የሚሥል ጀማሪ አይጠፋም።

ጥያቄ፦ የቡና ጭነት መኪኖቻችን መከታተያ በየ30 ሰከንዱ ቦታ ይልካል። ለካርታ ይጠቅማል?

መልስ፦ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በ30 ሰከንድ 500 ሜትር ይጓዛል። በዚያ መካከል ያለው ጥምዝምዝ ሁሉ ይጠፋል፤ መስመሩ ጋራውን ሰንጥቆ ያልፋል። ቅርጽ ለማውጣት አይሆንም። የጉዞ ፍጥነትን ለመገመትና የተዘጋ መንገድን ለመጠርጠር ግን መልካም ነው።

ጥያቄ፦ መንገድ መዘጋቱ በዱካ እንዴት ይታወቃል?

መልስ፦ ዱካው ሲቋረጥ ነው፤ ዝምታው የሚመዘነው ግን ከለመደው ጋር ነው። ቀኑን ሙሉ መኪና የማይጠፋበት አስፋልት ድንገት ዝም ካለ አንድ ነገር አለ። ወደ ቡና መፈልፈያ የሚወስድ ኮረኮንች ግን በለቀማ ወራት ሞቅ ብሎ ክረምት ላይ ጭር ቢል ተዘጋ አያሰኝም።

መረጃው መኪና አለማለፉን ይነግርሃል፤ ለምን እንዳላለፈ አይነግርህም። ድልድይ ተወስዶ ይሆናል፤ ለቅሶ ኖሮ መንገዱ ላይ ድንኳን ተተክሎም ይሆናል። ድንኳኑ በቀናት ውስጥ ይነሣል፤ በችኮላ ከካርታው የተሰረዘ መንገድ ግን ማን ይመልሰዋል? ስለዚህ የሰፈሩን ሰው ሳልጠይቅ አልሰርዝም። የአንድ አቅጣጫ መንገድም እንዲሁ ነው፦ ዱካው ሁሉ ወደ አንድ ወገን ቢሄድ እንኳ የትራፊክ ምልክቱን በዓይን ማየት ይሻላል።

ጥያቄ፦ መምህርት ነኝ። ዱካዬን ብሰጥ ቤቴ አይታወቅም?

መልስ፦ ይታወቃል፣ እቴ። ስምሽ ባይኖርም በየማለዳው የሚነሣበትና በየማታው የሚቆምበት ቦታ ይናገራል። ከመጫንሽ በፊት ከመነሻውም ከመድረሻውም ጥቂት መቶ ሜትሮችን ቁረጪ። ኦፕንስትሪትማፕ ላይ «የግል» የሚለውን አማራጭ ከመረጥሽ ነጥቦቹ ያለ ስምና ያለ ቅደም ተከተል ብቻ ለሌሎች ይደርሳሉ። መቁረጡ ግን አይቅር።

ጥያቄ፦ ከጎግል ካርታ አይቶ ወደ ኦፕንስትሪትማፕ መቅዳትስ?

መልስ፦ አይፈቀድም። የባለቤትነት መብት አለበት።

ጥያቄ፦ ጅሬን አካባቢ በሳተላይት ፎቶ ላይ መንገዱ ከሣልኩት ጎን ላይ ወድቋል። የትኛውን ልመን?

መልስ፦ ፎቶውን ለብቻው አትመን። ዳገታማ ቦታ ላይ የሳተላይት ፎቶ በበርካታ ሜትሮች ሊንሸራተት ይችላል። በመጀመሪያ ብዙ ዱካዎች ክፈትና የዱካዎቹን መሐል ፎቶው ላይ ካለው መንገድ ጋር አስተያይ፤ ሁሉም ወደ አንድ ወገን ከፎቶው ከራቁ ፎቶውን አንሸራትተህ አስተካክል። ከዚያ በኋላ ሣል። ሌላ ሰው የሣለውን መንገድ ግን በአንድ ዱካ ብቻ ተመርኩዘህ አታንቀሳቅስ።