የቆዳ እንክብካቤን በዲግሪ ልማር ወይ? ለጎንደሯ ተማሪ የተሰጠ መልስ

እህቴ፣ ደብዳቤሽ ደርሶኛል። በተፈጥሮ ሳይንስ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት አምጥተሻል፤ እንኳን ደስ አለሽ። ሁለት ክረምት ፒያሳ አክስትሽ የውበት ሳሎን ስትሠሪ ፊት ማጽዳትና ስቲም ለምደሽ፣ አሁን ደንበኞች አንቺን ብለው ይመጣሉ። አንድ ወኪል ደግሞ «እንግሊዝ አገር የውበት ሕክምና በዲግሪ ይሰጣል፤ ሦስት ዓመት ተምረሽ ቦቶክስና ፊለር ትወጊያለሽ» ብሎሻል። ቦቶክስ የፊት መጨማደድን የሚያለሰልስ፣ ፊለር ደግሞ የጎደጎደ ፊትን ወይም ከንፈርን የሚሞላ መርፌ ነው። አባትሽ አዘዞ ያለውን ቦታ ሊሸጡልሽ እያሰቡ ነው፤ እናትሽ ደግሞ «ነርስ ሁኚ፣ ውበቱ በትርፍ ሰዓትሽ ይደርሳል» ይላሉ። አንቺም መጨረሻ ላይ «የምመኘው ቁም ነገር ነው ወይስ ቅንጦት?» ብለሽ ጠይቀሻል።

ቁም ነገር ነው። ለምን እንዲህ እንደምል ልንገርሽ። አንዲት እናት ልጇን ይዛ ቢሮዬ መጥታ ነበር። ነጠላዋን እስከ አገጯ ተከናንባለች። ስታወራ ነጠላው ሸርተት ሲል አንገቷን አየሁት። በልጅነቷ የተነቀሰችው ንቅሳት በከፊል ጠፍቷል፤ በቦታው ግን እንደ ገመድ ያበጠ፣ የሚያብረቀርቅ ጠባሳ ተጋድሟል። «ይጠፋል» ብለው የሚያቃጥል ነገር ቀብተዋት ነው። «ንቅሳቱ ይሻለኝ ነበር» አለችኝ። በአገራችን አንገቷንና ድዷን የተነቀሰች፣ አሁን ደግሞ ማስጠፋት የምትፈልግ ስንት ሴት እንዳለች አንቺ ከኔ በላይ ታውቂያለሽ። ይህን ሥራ በትክክል የሚሠራ ሰው ያስፈልገናል።

በትክክል የሚሠራው ምን እንደሚያውቅ ደግሞ እይ። ንቅሳት የሚጠፋበት ሌዘር ብርሃኑን እጅግ አጭር በሆነ ቅጽበት ልኮ ቀለሙን ያደቅቀዋል፤ ድቃቂውን ቀስ በቀስ የሚያስወግደው ራሱ ሰውነት ነው። ነገር ግን ለቆዳችን ጥቁረት የሚሰጠው ሜላኒንም ብርሃን ይስባል። ስለዚህ በእኛ ቆዳ ላይ የሚመረጠው ወደ ውስጥ ጠልቆ የሚገባውና በሜላኒን ብዙም የማይያዘው ባለ 1064 ናኖሜትር ሌዘር ነው። ይህን ያላወቀ ሰው ለነጭ ቆዳ በተስተካከለ መሣሪያ የሰው ፊት ያቃጥላል። ፊዚክሱ፣ ባዮሎጂው፣ የእጅ ጥንቃቄው አንድ ላይ የሚገናኙበት ሙያ ነው። ቅንጦት ነው ያለሽ ሰው ካለ አልገባውም።

አሁን ወደ ወኪሉ ልምጣ። የነገረሽ ግማሹ እውነት ነው። እንግሊዝ ውስጥ እንዲህ ያለ ዲግሪ አለ፤ የቆዳን አሠራር፣ በኬሚካል መላጥን፣ ሌዘርን፣ የደንበኛ ሥነ ልቦናን፣ ሕጉንና ንግዱንም ያስተምራሉ። ያልነገረሽ ግን ቦቶክስ እዚያ በሐኪም ትእዛዝ ብቻ የሚገኝ መድኃኒት መሆኑን ነው። የሚያዘው ሐኪም፣ የጥርስ ሐኪም ወይም መድኃኒት የማዘዝ ተጨማሪ ሥልጠና ወስደው የተመዘገቡ እንደ ነርስና ፋርማሲስት ያሉ ባለሙያዎች ናቸው። የውበት ዲግሪው ብቻውን ይህን ሥልጣን አይሰጥሽም። ሕጉም ከዓመት ወደ ዓመት እየጠበቀ ነው፦ ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ18 ዓመት በታች ላለ ሰው ለውበት ብሎ ቦቶክስ ወይም ፊለር መውጋት በእንግሊዝ ወንጀል ነው፤ በ2022 የወጣው ሕግ ደግሞ የፈቃድ ሥርዓት ለመዘርጋት በር ከፍቷል። እኛም አገር ቢሆን መርፌ የጤና ባለሙያ ሥራ ነው። ፊለር በስህተት የደም ሥር ውስጥ ከገባ ደም ያግዳል፤ ቆዳው ይሞታል፣ ዓይንም ሊጠፋ ይችላል። የሃያሉሮኒክ አሲድ ፊለር ከሆነ የሚያሟሟው መድኃኒት አለ፤ እሱንም በፍጥነት መስጠት የሚችል ሰው አጠገቧ ከሌለ ግን ለታካሚዋ ምን ይረባታል?

ገንዘቡንም አስቢው። ለውጭ ተማሪ ትምህርቱ በዓመት ከ10 ሺህ ፓውንድ በላይ ነው። በዚያ ላይ ከቪዛው ጋር የሚጠየቀው የጤና ክፍያ ብቻ በዓመት 776 ፓውንድ አለ፤ የዘጠኝ ወር የመኖሪያ ወጪም በባንክ ማሳየት ይጠበቅብሻል። የእኛ 12ኛ ክፍል ውጤት በቀጥታ ስለማያስገባ ብዙ ጊዜ የመሰናዶ ዓመት ይጨመራል፤ ሦስት ዓመት የተባለው አራት ይሆናል። መርፌ ለማያስጨብጥሽ ወረቀት የአባትሽን ቦታ አታሸጪ። ይህን የምልሽ እንደ ታላቅ እህትሽ ነው።

እንግዲህ እናትሽም ግማሽ እውነት ይዘዋል፤ ትርፍ ሰዓት የሚሉት ላይ ብቻ አልስማማም። የኔ ምክር ጤናን እንድትገቢ ነው፣ ግን ገና ከመጀመሪያው ቆዳን ዓላማሽ አድርገሽ። የሰው ፊት መንካት፣ ማነጋገር፣ ማጽናናት የምትወጂ ከሆነ ነርሲንግ፣ አራት ዓመት ነው። ቅባቱ ውስጥ ምን እንዳለ ማወቅ የሚያስደስትሽ ከሆነ ደግሞ ፋርማሲ፣ አምስት ዓመት። ደብዳቤሽ ውስጥ የክሬም ማሸጊያ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንድ በአንድ እንደምታነቢ ስለጻፍሽ፣ እኔ ወደ ፋርማሲው አደላለሁ። ሕክምና ገብቶ የቆዳ ስፔሻሊስት መሆንም አለ፤ ረጅም ነው፣ አቅሙና ትዕግሥቱ ካለሽ ግን ከሁሉም የሚያስከብረው እሱ ነው። በሁሉም መንገድ የመውጫ ፈተናና የሙያ ፈቃድ ይጠብቅሻል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በ1954 እ.ኤ.አ. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ የተከፈተ፣ በጤና ትምህርት የቆየ ቤት ነው፤ ደጃፍሽ ላይ ያለውን አትናቂው። አዲስ አበባ ያለው አለርት ሆስፒታልም ከሥጋ ደዌ ሕክምና ተነስቶ ለቆዳ ሐኪሞች ትልቅ መማሪያ ሆኗል፤ አንድ ቀን እዚያ የመሥራት ዕድል ካገኘሽ እንዳያመልጥሽ።

እዚህ መማርሽ ሌላም ጥቅም አለው። የቆዳ ዓይነት የሚለካበት የፊትዝፓትሪክ መለኪያ በ1975 እ.ኤ.አ. ሲወጣ በነጭ ቆዳ ላይ የተመሠረተ ነበር፤ አምስተኛውና ስድስተኛው የቆዳ ዓይነት፣ የእኛው ማለት ነው፣ በኋላ የተጨመሩ ናቸው። እስካሁን ብዙ መጻሕፍት ላይ ያለው ሥዕል ነጭ ቆዳ ነው። አንቺ ግን ብጉር ጥቁር ነጥብ ትቶ ሲሄድ፣ ማዲያት ጉንጭ ላይ ሲዘረጋ፣ ጠባሳ ሲያብጥ በየቀኑ በራሳችን ቆዳ ላይ ታያለሽ። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ በየሺህ ሜትሩ የፀሐዩ አልትራቫዮሌት በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ማዲያት የያዛትን ደንበኛሽን ከማንኛውም ቅባት በፊት ጃንጥላና የፀሐይ መከላከያ አስይዣት፤ ማዲያትን የሚታየው ብርሃንም ስለሚያባብሰው አይረን ኦክሳይድ ያለበት ባለ ቀለም መከላከያ ይሻላታል።

አንድ ነገር ግን ዛሬውኑ አድርጊ። የሳሎኑን መደርደሪያ ፈትሺ። ስም የሌለው ብልቃጥ፣ «ቅልቅል» የሚሉት የሚያቀላ ቅባት ካለ አውርጂው። በእንዲህ ያለው ቅባት ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ክሎቤታሶል የመሰለ ብርቱ ስቴሮይድ፣ ቆዳ የሚያነጣው ሃይድሮኪኖን፣ አንዳንዴም ኩላሊት የሚጎዳ ሜርኩሪ ነው። ስቴሮይዱ መጀመሪያ ፊት ያጠራል፤ ስለዚህ ደንበኛዋ አመስግና ትሄዳለች። ከወራት በኋላ ቆዳዋ ይሳሳል፣ ደም ሥሮቿ ይታያሉ፣ ስታቆመው ፊቷ እንደ ፍም ይቀላል። ለረጅም ጊዜ የተቀባች ካለች በራስሽ አታስቁሚያት፤ ወደ ቆዳ ሐኪም ላኪያት። አክስትሽ ገቢው ይቀንሳል ብለው ቅር ይላቸው ይሆናል። ቀስ ብለሽ አስረጃቸው፤ ያሳደጉሽ ናቸው፣ ይሰሙሻል።

የሳሎኑንም ሙያ አትጣይው። በክረምት ቴክኒክና ሙያ ገብተሽ የውበት ሥራውን በደረጃ ተማሪ፣ ሲኦሲውን፣ ማለትም የሙያ ብቃት ምዘናውን፣ ውሰጂ። እጅሽ ይሠለጥናል፣ የኪስ ገንዘብም አታጪም። እንግሊዝንም ለዘላለም ተዪው አላልኩም። እዚያ ያሉት የውበት ሕክምና ማስተርስ ፕሮግራሞች ብዙዎቹ የተመዘገበ የጤና ባለሙያ ብቻ ይቀበላሉ፤ አንዳንዶቹ የእንግሊዝን ምዝገባ ይጠይቃሉ። ያኔ የሙያ ፈቃድ ይዘሽ፣ ምናልባትም በነፃ የትምህርት ዕድል ትሄጃለሽ።

ወኪሉ ተመልሶ ከደወለ ሦስት ነገር በጽሑፍ እንዲልክልሽ ጠይቂው፦ ትምህርቱን ስጨርስ በየትኛው አካል በምን ሙያ እመዘገባለሁ፣ ልምምዱ ጥቁር ቆዳ ባላቸው ሰዎች ላይ ጭምር ነው ወይ፣ ቪዛ ብከለከል የከፈልኩት ይመለሳል ወይ። መልሱን ይዘሽ ምርጫሽን ከመሙላትሽ በፊት ቢሮ ነይ። እናትሽንም ይዘሻቸው ነይ፤ ስለ ትርፍ ሰዓቱ ነገር እኔ ላነጋግርልሽ።