ካርታ ሁሉ ቁማር ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የምጽፍልዎ ከደብረ ብርሃን ነው። ለፋሲካ ከወንድሞቼ ጋር ካርታ ስንጫወት አባታችን «ቁማር እቤቴ አልፈልግም!» ብለው ተቆጡ። ብር አላስያዝንም። ለመሆኑ ካርታና ዳይስ በአማርኛ ቁማር ነው የሚባሉት?

መልስ፦ አይደለም እህቴ። ቁማር የዕቃ ስም አይደለም፣ የድርጊት ስም ነው። ገንዘብ ወይም ሌላ ነገር አስይዞ መጫወት ቁማር ይባላል። በዐረብኛም «ቂማር» ትርጉሙ ይኸው ነው። እናንተ የተጫወታችሁት ካርታ ብቻ ነው። አባትሽን ግን አልፈርድባቸውም። ብዙ ታላላቆቻችን ካርታ ሲዘረጋ ያዩት ብር ተይዞበት ነው፤ ስለዚህ ሁለቱን በአንድ ስም ይጠሯቸዋል።

«ካርታ» በጣሊያንኛ ወረቀትም፣ የአገር ካርታም፣ መጫወቻውም ነው። እኛም ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውንም፣ 52ቱን መጫወቻም፣ የቤት ይዞታ ማረጋገጫውንም ካርታ እንላለን። «ካርድ» በእንግሊዝኛ በኩል የመጣ ነው፤ ለሐኪም ቤትና ለዳኛ ይሁን። ለጨዋታው «ካርታ» እያለ «ካርድ እንጫወት» ሲባል ጆሮዬን ይቆረቁረኛል።

ባለ 6 ገጿ ዳይስ ከነስሟ የመጣች ናት፤ ሉዶ የተጫወተ ሁሉ ያውቃታል። «ዕጣ» እንበላት የሚሉ አሉ። አልስማማም። ቅርጫ የገባችሁ ጊዜ የሚሆነውን አስቢው። በሬው ታርዶ ሥጋው ቅጠል ላይ መደብ መደብ ይደረጋል። ባለ ድርሻው ሁሉ አንዱ ጠጠር፣ አንዱ ስንጥር፣ አንዱ የቅጠል ቁራጭ ይሰጣል። የማን የማን እንደሆነ ያላየ ልጅ ይጠራና አንድ አንዱን በየመደቡ ላይ ይጥላል። ዕጣ ይህ ነው። ስንጥርህ ያረፈችበትን መደብ ታነሣለህ፤ ባዶ እጁን የሚገባ የለም።

በቁማር ግን አንዱ ሲበላ ሌላው ይበላል፤ «ይበላል» ያልኩትን «በ»ን አጥብቀሽ አንብቢው። ያሸነፈው «በላሁ»፣ የተሸነፈው «ተበላሁ» ይላል። «ስንት ተበላህ?» ሲባል ማንም ስለ ምግብ አያስብም። ይህን ግስ በጣም እወደዋለሁ፤ የጨዋታውን ጭካኔ አይደብቅም።

«በወዘ»ም ከካርታ ጋር የሚሄድ ቃል ነው፤ ካርታውን ደባለቀ ማለት ነው። ዛሬ ሹማምንት ከወንበር ወንበር ሲቀያየሩም «ብወዛ» እንላለን።

አባትሽ እንደገና ከተቆጡ «አባዬ፣ ማንም አልተበላም» በያቸው።