ለጡት ካንሰር ታካሚ ጎረቤት መዋጮ ከመጀመራችሁ በፊት

አንዲት እህታችን የጠየቀችው እዚህ ጅማ፣ ጊንጆ ሰፈር ስላለች ጎረቤታቸው ነው። የሦስት ልጆች እናት ነች፣ የጡት ካንሰር እንዳለባት ተነግሯት ኬሞ ልትጀምር ነው፤ ሰፈሩ እንዴት ገንዘብ ያሰባስብ? ብዙዎቻችሁ «የባንክ አካውንት ክፈቱና ለጥፉ» ብላችኋል። አካውንቱ ይደርሳል።

መጀመሪያ እሷ ፈቅዳ፣ ከሐኪሟ ወይም ከነርሷ የሕክምናውን ፕሮግራም ያዙ። ስንት ዙር ኬሞ ታዘዘ? ቀዶ ሕክምናው ከኬሞው በፊት ነው ወይስ በኋላ? ጨረርስ አለ? ከተለመዱት አሰጣጦች አንዱ በየ21 ቀኑ 8 ዙር ነው፣ ስድስት ወር ገደማ ማለት ነው። ጨረር ከታዘዘ በሳምንት አምስት ቀን፣ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት እስከ አምስት ሳምንት ይወስዳል። ካንሰሩ ሆርሞን ተቀባይ (በሰውነት ሆርሞን የሚያድግ ዓይነት) ከሆነ ደግሞ ታሞክሲፈን የመሰለ ክኒን ቢያንስ ለ5 ዓመት በየቀኑ ይዋጣል። የሰፈር መዋጮ ግን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ይጎርፍና ይደርቃል። አራተኛው ወይም አምስተኛው ዙር ላይ የመመላለሻና የአስቤዛ ብር ሲያልቅ ታካሚዋ ለማንም ሳትናገር ቀጠሮዋን ትተዋለች።

ስለዚህ የአንድ ጊዜ ስጦታ ሳይሆን የወር መዋጮ ቃል አስገቡ። 60 አባወራ በወር 100 ብር ለ8 ወር ቢያዋጣ 48,000 ብር ይሆናል። ስድስት ሳይሆን ስምንት ወር ያልኩት በምክንያት ነው፤ ከኬሞ በፊት በሚደረገው የደም ምርመራ ነጭ የደም ሴል ዝቅ ብሎ ከተገኘ ዙሩ ይገፋል፣ መመላለሻው ሁለቴ ይከፈላል። ጥቂት ብርና ቴርሞሜትር ደግሞ ሁልጊዜ ቤቷ ይኑር። ኬሞ የወሰደች ሴት ትኩሳቷ 38 ዲግሪ ከደረሰ ወይም ካለፈ እስኪነጋ አይጠበቅም፤ የሌሊት ባጃጅና የድንገተኛ ክፍል ወጪ በእጇ መኖር አለበት።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል መሆኗንና መታወቂያዋ መታደሱን ዛሬውኑ አጣሩ። አባል ብትሆንም ከጤና ጣቢያ ሪፈር ሳታጽፍ በቀጥታ ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ከሄደች ከኪሷ ልትከፍል ትችላለች። መድኃኒቱ ሆስፒታሉ ውስጥ ጠፍቶ ከውጭ ሲገዛ ነው ቤተሰብ የሚራቆተው። ለዚህ ገንዘቡን በቀጥታ ለፋርማሲው ክፈሉ፣ ደረሰኝ ያዙ። ለትራንስፖርትና ለአስቤዛ ግን በእጇ ስጧት። የሽንኩርት ደረሰኝ የሚጠይቅ ኮሚቴ አትሁኑ።

ጨረሩ እዚሁ ይሰጣት ወይስ ጥቁር አንበሳ ትላክ፣ አስቀድማችሁ ጠይቁ። አዲስ አበባ ከሆነ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለእሷም ለአስታማሚዋም የሳምንታት ማደሪያ ያስፈልጋል። እንደ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ያሉ ድርጅቶችን የሐኪም ደብዳቤ ይዛችሁ ጠይቁ። ትራስቱዙማብ ከታዘዘላትም እንዲሁ፤ በየሦስት ሳምንቱ ለአንድ ዓመት የሚሰጥ ውድ መድኃኒት ስለሆነ ሰፈሩ ብቻውን ቃል አይግባ።

የዕድሩ ወይም የአፎሻው ካዝና ላይ አትቸኩሉ። ብዙው መተዳደሪያ ደንብ ለሞት እንጂ ለሕመም አይከፍልም፣ ሊቀመንበሩ በራሱ ቢያወጣ በኋላ ይጠየቅበታል። ጠቅላላ ጉባኤ ጠርታችሁ በቃለ ጉባኤ አስወስኑ።

አሁን ወደ አካውንቱ። በሦስት ሰው ስም ይከፈት፣ በሁለት ፊርማ ይውጣ፣ አንዱ ፈራሚ ከቤተሰቧ ይሁን። በአንድ ሰው ቴሌብር አትሰብስቡ፤ ከግል ገንዘቡ ጋር ይቀላቀልና ታማኙ ሰው ሳይቀር ይታማል። እኛ ከተማ ከወለድ ነፃ ሂሳብ ቢሆን ብዙ ሰጪ ሳይሳቀቅ ያስገባል። ዘካ ብሎ የሚሰጥ ካለ ግን ለብቻው ተመዝግቦ ለራሷ ይድረስ፤ ለወረቀትና ለድንኳን ኪራይ አይነካም።

ጊዜም ምረጡ። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ቡና ስለሚለቀም ብር አለ፤ ክረምት ላይ የለም። ከማና ወይም ከጎማ ወረዳ ጀንፈል (ያልተፈለፈለ ደረቅ ቡና) የሚሰጥ ዘመድ ከተገኘ እዚያው ፈቃድ ላለው ነጋዴ ሽጡት። ያለ ፈቃድ መኪና ላይ ከጫናችሁት ኬላ ላይ ሊወረስ ይችላል። ቶምቦላም ያለ ሕጋዊ ፈቃድ አይሆንም። የጡት ካንሰር ምልክት ነው ተብሎ የሚታተመውን ሮዝ ቲሸርት ተዉት፣ ማተሚያ ቤቱን ነው የሚረዳው። ቲኬት ሸጣችሁ ቡና ብታጠጡ ወጪው ትንሽ ነው።

ፎቶዋን ከመለጠፋችሁ በፊት ባሏን ሳይሆን እሷን ጠይቁ። እምቢ ካለች «አንዲት የሰፈራችን እናት» በቂ ነው፤ የሚያውቋት ያውቃሉ። ገቢና ወጪውን በየወሩ ስሟን ሳትጠሩ አሳውቁ። ገንዘብ ቢተርፍ ለልጆቿ ትምህርት ይሁን ወይስ ለሚቀጥለው ታካሚ፣ እሷ ባለችበት ተነጋግራችሁ የመጀመሪያው ቃለ ጉባኤ ላይ አስፍሩት።