ስለ ጎያ የመዳብ ህትመቶች፦ ጥያቄና መልስ

ስፔናዊውን ፍራንሲስኮ ጎያን (1746–1828) ብዙ ሰው በቀለም ሥዕሎቹ ያውቀዋል። የኔ ልብ ያለው ህትመቶቹ ጋ ነው፤ ማለትም በመዳብ ሠሌዳ ላይ ተሠርተው በወረቀት ላይ የሚታተሙት ሥዕሎቹ ጋ። ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የቤተ መንግሥት ሠዓሊ አልነበር? ህትመት ውስጥ ምን አስገባው?

መልስ፦ የቤተ መንግሥቱ ሥራ እንጀራው ነበር። ግን የሚሥለው ከፋዩ የሚፈልገውን ነው። በ1792 መጨረሻ ክፉኛ ታመመ፤ ሲድን ጆሮው አልሰማ አለ። ከዚያ በኋላ ማንም ሳያዘው የራሱን ሐሳብ መሥራት አበዛ። በ1799 «ካፕሪቾስ» የተባሉትን 80 ህትመቶች አወጣ። ጥንቆላውን፣ ለገንዘብ ተብሎ የሚደረገውን ጋብቻ፣ ሆዳም መነኮሳቱን፣ ማንንም አልማረም።

ጥያቄ፦ ገበያው እንዴት ነበር?

መልስ፦ አልቀናውም። ማድሪድ ውስጥ አንድ የሽቶና የመጠጥ ሱቅ ጥራዙን በ320 ሬያል (የዘመኑ የስፔን ገንዘብ) ይሸጥ ነበር። በ1803 ጎያ የመዳብ ሠሌዳዎቹን ለንጉሡ ሰጠ፤ በምላሹ ለልጁ ድጎማ ተመደበለት።

ጥያቄ፦ ህትመቶቹ ላይ የሚታየው ያ ግራጫ ጥላ በመዳብ ላይ እንዴት ይመጣል?

መልስ፦ ደቃቅ የሙጫ ዱቄት ሠሌዳው ላይ ይነሰነስና በሙቀት ይጣበቃል። አሲድ ውስጥ ሲገባ፣ አሲዱ በዱቄቱ መካከል ያለውን መዳብ ብቻ ይበላል። ቀለም የሚይዙት እነዚያ ጥቃቅን ጉድጓዶች ናቸው። አሲዱ ውስጥ በቆየ ቁጥር ጥላው ይጠቁራል። ነጭ ሆኖ እንዲቀር የሚፈለገው ቦታ ቀድሞ ይሸፈናል። የጎያ ሌሊቶች የሚያስፈሩት በዚህ ነው።

ጥያቄ፦ የጦርነቱ ህትመቶች ለስፔን ጀግኖች የተሠሩ ውዳሴ ናቸው?

መልስ፦ በፍጹም! የናፖሊዮን ጦር በ1808 ማድሪድን ያዘ። ጎያ ከ1810 ጀምሮ ለዓመታት «የጦርነት መዓት» የሚባሉትን ሠራ። ፈረንሳዮች ሲገድሉ ታያላችሁ፤ ስፔናዊው ገበሬም በወደቀው ወታደር ላይ መጥረቢያ ሲያነሳ ታያላችሁ። አንዱን ጠጋ ብላችሁ እዩት፦ ሕዝቡ ይሸሻል፣ እናት ልጇን ትጎትታለች፣ አንድ ሰው የገንዘብ ከረጢቱን አጥብቆ ይዟል። ሥሩ «ይህን አይቻለሁ» ይላል። የ1811–12 የማድሪድ ረሃብም አለበት። ለኔ ከዚህ የበለጠ ሐቀኛ የጦርነት ምስክር የለም።

ጥያቄ፦ ታዲያ ለምን በሕይወቱ አላሳተማቸውም?

መልስ፦ በ1814 የስፔን ንጉሥ ፈርናንዶ 7ኛ ተመልሶ ሕገ መንግሥቱን ሻረ፣ የሃይማኖት ፍርድ ቤቱንም መለሰ። በዚያ ጊዜ ማን ደፍሮ ያወጣዋል? የታተሙት በ1863፣ ከሞተ ከ35 ዓመት በኋላ ነው።

ጥያቄ፦ እርጅናውስ?

መልስ፦ በ1824 ወደ ፈረንሳይ ሄደ። ወደ 80 እየተጠጋ ቦርዶ ላይ በድንጋይ ህትመት አራት ትልልቅ የኮርማ ፍልሚያ ሥዕሎች ሠራ፤ እዚያው አረፈ። የመዳብ ሠሌዳዎቹን የያዘው ማድሪድ ያለው ብሔራዊ የህትመት ቤት፣ ካልኮግራፊያ ናሲዮናል፣ ነው። ከተማዋን የረገጠ ሳያያቸው አይመለስ።