የ161 ደቂቃው «ክዋይዳን» ይበቃኛል ወይስ የታደሰውን ብሉሬይ ልግዛ?

«ክዋይዳን» አራት የመናፍስት ታሪኮችን የያዘ የጃፓን ፊልም ነው። ጥያቄህ ሁለት ነው፦ በእጅህ ያለው የክራይቴሪየን (የቆዩ ፊልሞችን አድሶ የሚያወጣ የአሜሪካ ኩባንያ) ዲቪዲ 161 ደቂቃ ሆኖ ሳለ ብሉሬዩ ለምን 183 ሆነ? «ብሉሬዩ ላይ ድምፁ ከምስሉ ጋር አይሄድም» የሚባለውስ የዲስኩ ችግር ነው ወይ?

የደቂቃው ልዩነት እውነተኛ ነው። የዳይሬክተሩ የማሳኪ ኮባያሺ ሙሉ ቅጂ 183 ደቂቃ ነው፤ ከጃፓን ውጭ ሲታይ ግን ተቆራርጧል። አሜሪካ ሲኒማ ቤት የገባው «የበረዶዋ ሴት» የሚለውን ታሪክ ጭራሽ አውጥቶ 125 ደቂቃ አካባቢ ነበር። ያንተ ዲቪዲ አራቱንም ታሪኮች ይዟል፤ የጎደለው 22 ደቂቃ ከየውስጣቸው የተቀነሰ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ብሉሬይ ሙሉውን ቅጂ በ2ኬ (ከፍ ባለ የዲጂታል ምስል ጥራት) አድሶ ያቀረበ ስለሆነ ሳታመነታ ቀይር። ይህ ፊልም የሚያስፈራው በዝግታው ነው፤ ዝግታው ሲቀነስ ፍርሃቱም አብሮ ይቀነሳል።

ከመግዛትህ በፊት ማጫወቻህ ሪጅን ኤ (ለአሜሪካና ለሌሎች አንዳንድ አገሮች የተመደበ የዲስክ ኮድ) መቀበሉን አረጋግጥ። በፓል (አውሮፓ ውስጥ በተለመደው የቲቪ ሲስተም) የተሠራ ዲቪዲ 176 ደቂቃ ቢልህ ደግሞ ተቆርጧል አትበል፤ በሴኮንድ 24 የነበረው ፍሬም (ነጠላ ምስል) በ25 ስለሚሄድ ነው ያጠረው።

ድምፁ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የፊልሙ ሙዚቃ ደራሲ ቶሩ ታኬሚትሱ የተፈጥሮውን ድምፅ ሆን ብሎ አጥፍቶ፣ በቦታው የሚሰነጠቅ እንጨት የመሰለ ድምፅ አስገብቷል። ከአራቱ ታሪኮች አንዱ በሆነው «ጥቁሩ ፀጉር» ላይ ወለሉ ሲሰበር ምንም ላትሰማ ትችላለህ፤ ድምፁ ዘግይቶ ወይም ከሌላ ቦታ ይመጣል። በዚያ ትዕይንት ተመርተህ የድምፅ መዘግየት ሴቲንጉን ከነካካህ ንግግሩን ታበላሻለህ። መለካት ካለብህ ፊት ለፊት በሚናገር ሰው ከንፈር ለካ። የሌሊት ሞድ የሚባለውንና ድምፅን የሚያመጣጥነውን ሁሉ አጥፋ፤ ዝምታውን ከፍ፣ ድንገተኛውን ድምፅ ዝቅ አድርጎ ፊልሙን ይገድለዋል። የድምፅ ትራኩ ሞኖ (በአንድ ቻናል ብቻ የተቀረጸ) ስለሆነ የሰራውንድ ማስመሰያም (ድምፁን ከየአቅጣጫው የመጣ የሚያስመስለው) አያስፈልገውም።

ለምስሉ፦ ማጫወቻውን በ24 ፍሬም እንዲያወጣ አድርግ፤ ቲቪው ላይ እንቅስቃሴ ማለስለሻውን፣ ኖይዝ ሪዳክሽኑን (የምስል ነጠብጣብ የሚያጠፋውን) እና «ቪቪድ» ሞዱን (ቀለም የሚያጋንነውን) አጥፋ። ሻርፕነስን ወደ ዜሮ አውርድ (አንዳንድ ቲቪ ላይ ገለልተኛው ቦታ መሃሉ ነው)። ከላይና ከታች ያለው ጥቁር የሰፊው ስክሪን ቅርጽ ስለሆነ ዙም አታድርግ። ሰማዩ እውነተኛ ሰማይ አይደለም፤ ትልቅ የአውሮፕላን ሃንጋር ውስጥ በተሠራ የቀረጻ መድረክ ላይ በእጅ የተሳለ ነው። ኖይዝ ሪዳክሽን የፊልሙን ግሬን (በፊልም ላይ ያለውን የተፈጥሮ ነጠብጣብ) ሲያጠፋ የብሩሹንም ምልክት ይዞ ይሄዳል። ሴቲንጉን ስትጨርስ «የበረዶዋ ሴት»ን ክፈትና ሰማዩ ላይ የተሳለውን ዓይን ተመልከት፤ የቀለሙ አሰራር ጠፍቶ እንደ ሰም ካበራ አንድ ማጣሪያ ሳይጠፋ ቀርቷል።