ስለ ዌልስ ባህላዊ ሙዚቃና ቅጂዎቹ፦ ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ዌልስ ሃርፕ ጥቂት መስመር ጽፌ የላካችሁልኝን ጥያቄ ሰብስቤ እዚህ እመልሳለሁ። ዌልስ ከእንግሊዝ በስተ ምዕራብ ያለች የብሪታንያ ክፍል ናት፤ ሃርፕ ደግሞ ክሮቹ በጣት የሚመቱ ትልቅ መሣሪያ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የዌልስ ሙዚቃ ሲባል የማውቀው የወንዶች መዘምራንን ነው። ባህላዊው እሱ አይደለም እንዴ?

መልስ፦ ግርማ አለው፤ ነገር ግን የ19ኛው መቶ ዘመን ልጅ ነው። የከሰልና የድንጋይ ማውጫ ሠራተኞች ከጸሎት ቤቶቻቸው ይዘውት የወጡ ዜማ ነው። ከሱ በፊት የነበረው ሃርፕ፣ ቫዮሊን፣ ጭፈራና ያለ መሣሪያ የሚዘፍን ሰው ነው። በ18ኛው መቶ ዘመን የሜቶዲስቶች (የፕሮቴስታንት ወገን ናቸው) መንፈሳዊ መነቃቃት አገሩን ሲያጥለቀልቀው ጭፈራና ቫዮሊን እንደ ኃጢአት ተቆጠሩ፤ የሕዝቡ የዜማ ፍቅርም ወደ መዝሙር ዞረ። የጭፈራው ዜማ ከአየርላንድና ከስኮትላንድ ይልቅ በዌልስ የሳሳው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ አንድ አልበም ብቻ ምረጥልኝ፣ ጊዜ የለኝም።

መልስ፦ የሊዮ ረደርኽን «ቴሊን» ስሚ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ፍላክ በተባለ የዌልስ አሳታሚ ወጣ። አንዲት ሴት፣ አንድ ባለሦስት ረድፍ ሃርፕ፤ ሌላ ነገር የለበትም። ብዙ ሰው ከባንድ ጀምር ይላል፤ እኔ አልስማማም። ባንዱ የሚያሳምረውን ዜማ መጀመሪያ ራቁቱን መስማት ይሻላል።

ጥያቄ፦ ባለሦስት ረድፍ ሃርፕ ስትል እንዴት ነው ክሮቹ የተደረደሩት?

መልስ፦ ደስ የሚለኝ ጥያቄ መጣ። ሁለቱ የውጭ ረድፎች አንድ ዓይነት ቅኝት አላቸው፤ የግራውም የቀኙም እጅ ያንኑ ድምፅ ያገኛል። መካከለኛው ረድፍ በፒያኖ ጥቁር ቁልፎች የሚመቱትን ግማሽ ድምፆች ይይዛል፤ ተጫዋቹ ጣቱን በውጭዎቹ ክሮች መካከል አሾልኮ ይነካዋል። ውበቱ ያለው ግን ከውጭዎቹ ነው፦ አንዱን ድምፅ በሁለት እጅ እየተፈራረቁ ሲመቱት ራሱ ለራሱ የሚመልስ ይመስላል። በፔዳል ሃርፕ (ድምፁ በእግር መርገጫ የሚለወጠው ባለአንድ ረድፍ ሃርፕ ነው) ይህን በሁሉም ድምፅ ላይ ማምጣት አይቻልም።

መሣሪያው መነሻው ጣሊያን ነው። ወደ ብሪታንያ ከመጣ በኋላ ዌልሾች የራሳቸው አደረጉትና በ18ኛው መቶ ዘመን «የዌልስ ሃርፕ» ይባል ጀመር። በግራ ትከሻ ላይ አስደግፎ መጫወት የድሮ ወጋቸው ነው። ፔዳል ሃርፕ ሲመጣ ሊጠፋ ጥቂት ቀረው። ካቆዩት መካከል በ18ኛው መቶ ዘመን ወደ ዌልስ የገባው የአብራም ዉድ ዘሮች አሉበት፤ ሮማ የተባለው እየተዘዋወረ የሚኖር ሕዝብ ወገን ናቸው (የሮም ከተማ ሰዎች አይደሉም)፤ ብዙዎቹ ሃርፕ መቺዎች ሆነዋል። ከዚያ ናንሲ ሪቻርድስ መጣች (1888–1979)። በአባቷ እርሻ ያርፉ ከነበሩ ሮማዎችም ሰምታ ተምራለች። ሊዮ ረደርኽ ደግሞ የናንሲ ተማሪ ናት። ስለዚህ ቅጂዋን ስትሰሚ በኖታ ሳይሆን ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈ ነገር እየሰማሽ ነው። የናንሲም ቅጂዎች አሉ፤ የድምፅ ጥራታቸው ደካማ ቢሆንም እኔ እነሱን አስበልጣለሁ።

ጥያቄ፦ ክራር እጫወታለሁ። ዌልስ ውስጥ የክራር ዘመድ አለ ሲሉ ሰማሁ፤ እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው ወንድሜ። ክሩት ይባላል። እንደ ክራርና በገና ሁለት ክንዶችና ቀንበር ያለው መሣሪያ ነው፤ ግን በመካከሉ ጣት የሚያርፍበት እንጨት ገብቶበት በደጋን ይመታል። ስድስት ክር አለው። ሁለቱ ከጣት ማሳረፊያው ውጭ ስለሆኑ በአውራ ጣት ይነካሉ። ክሮቹን የሚደግፈው ብርኩማ ጠፍጣፋ ስለሆነ ደጋኑ ብዙ ክር አንድ ላይ ይመታል፤ ያ ነው ሳያቋርጥ የሚያጉረመርም ድምፅ የሚሰጠው። የብርኩማው አንድ እግር ደግሞ በድምፅ ቀዳዳው አልፎ የሣጥኑን ጀርባ ይረግጣል።

ችግሩ የድሮዎቹ መቺዎች የድምፅ መቅጃ ከመፈጠሩ በፊት አለቁ። ዛሬ የምንሰማው ከተረፉት መሣሪያዎችና ከጽሑፍ ተነሥተው ያቋቋሙት ነው። የካስ ሜሪግን የ2004 አልበም ፈልግ፤ ርእሱም «ክሩት» ነው። የድሮ ሃርፕ ዜማ በ1613 ገደማ ሮበርት አፕ ሂዩ በምልክት ጽፎ አስቀምጧል፤ ምልክቱን እንዴት እናንብበው በሚለው ላይ ግን ሊቃውንቱ እስከ ዛሬ አልተስማሙም። እርግጠኛ ሆኖ «የጥንቱ ድምፅ ይህ ነው» የሚልህን አትመን።

ጥያቄ፦ ቋንቋውን ሳላውቅ ምን ይገባኛል?

መልስ፦ ዜማው ይገባሻል። በ2021 ቆጠራ ዌልስ ውስጥ የአገሩን ቋንቋ ዌልሽን እናውቃለን ያሉት 17.8 በመቶ ናቸው፤ ለአብዛኛው የዌልስ ሰውም ባዕድ ነው ማለት ነው። ፈርንሂል የተባለው ባንድ ድምፃዊት ጁሊ መርፊ እንግሊዝ ተወልዳ ቋንቋውን ኋላ የተማረች ናት።

ጥያቄ፦ የገበሬዎች፣ የእናቶች ዘፈን የት ይገኛል? ስቱዲዮ አልፈልግም።

መልስ፦ ከዌልስ ዋና ከተማ ከካርዲፍ አጠገብ ባለው በሴንት ፋገንስ ሙዚየም። በ1948 የተከፈተ ነው። ሮይ ሴየር ከ1960ዎቹ ጀምሮ መቅጃውን ይዞ በየእርሻው እየዞረ ሽማግሌዎችን አስዘፍኗል፤ ከቅጂዎቹ ብዙውን ሙዚየሙ በነፃ በኢንተርኔት ያሰማል። ሳል፣ የተረሳ ግጥም፣ ሁሉም አለበት። ከዚያ በፊት በ1906 የዌልስ የሕዝብ ዘፈን ማኅበር ከተቋቋመ በኋላ ሩት ኸርበርት ሉዊስ የምትባል ሴት ፎኖግራፍ የተባለውን የድሮ ድምፅ መቅጃ ይዛ በሰም ሲሊንደር ትቀዳ ነበር።

ከሙዚየሙ ቅጂዎች ፕለጋይንን እንዳታልፉ። የገና ዝማሬ ነው፤ በጥንት ዘመን ጎህ ሳይቀድ ይዘመር ነበር። አሁንም በተለይ በመካከለኛው ዌልስ በሞንትጎመሪሽር ከታኅሣሥ እስከ ጥር ይደረጋል። አስተዋዋቂ የለም። አንድ ቤተሰብ ወይም ሦስት ጎረቤታሞች ዝም ብለው ተነሥተው ያለ መሣሪያ ይዘምራሉ፣ ይቀመጣሉ፣ ሌሎች ይነሣሉ። በዚያ ሌሊት የተዘመረውን ማንም አይደግመውም።

ጥያቄ፦ የፈረስ ራስ ቅል ይዘው በር ለበር የሚዞሩት እነማን ናቸው? ቪዲዮ አይቼ ደነገጥኩ።

መልስ፦ ማሪ ሉዊድ ነው፤ የደቡብ ዌልስ የክረምት ጨዋታ። ቅሉ ነጭ ጨርቅ ለብሶ በእንጨት ላይ ይያዛል። ሆያ ሆዬ ስንል በር ላይ ቆመን እንደምናወርደው ሁሉ እነሱም ያወርዳሉ፤ ልዩነቱ ከውስጥ ያለው ሰው በግጥም መመለሱ ነው። የቤቱ ሰው ግጥም ሲያልቅበት በሩ ይከፈታል፤ ምግብና መጠጥ ይቀርባል።

ጥያቄ፦ ሳይን የሚባለው አሳታሚ ስሙ ተደጋገመብኝ። ምንድን ነው?

መልስ፦ በ1969 እነ ዳቪድ ኢዋንና ሂዩ ጆንስ ያቋቋሙት ነው። የመጀመሪያ ሸክላቸው «ውሃ» የተባለ የሂዩ ጆንስ ዘፈን ነበር። ለሊቨርፑል ከተማ ውሃ ሲባል የትሬዌሪን ሸለቆ ተገድቦ፣ ካፔል ኬሊን የተባለች ዌልሽ ተናጋሪ መንደር በ1965 ሰጠመች፤ ዘፈኑ ስለዚያ ነው። አሳታሚው በቁጣ ተወለደ ብል አላጋነንኩም። በ1976 የተቋቋመው አር ሎግ የባህል ባንድ ነው፤ የባንዶቹ መንገድ ከሱ ይጀምራል።

ጥያቄ፦ ከአዲሶቹስ?

መልስ፦ ናይን ባኽ («ቲንክያን»፣ 2014)፣ ቭሪ፣ ካላን። ኮራ የተባለውን የምዕራብ አፍሪካ ባለክር መሣሪያ ለምትወዱ ደግሞ ዌልሳዊቷ ሃርፕ መቺ ካትሪን ፊንችና ሴኔጋላዊው ሴኩ ኬይታ አብረው የሠሩት «ሶር» (2018) አለ። በዌልስና በምዕራብ አፍሪካ መካከል የምትመላለስ ዓሣ በሊታ ጭልፊት ናት መነሻው። ባህላዊ ነው አልልም፤ ጥሩ ነው።

ጥያቄ፦ ስሞቹን በአማርኛ ጽፌ ብፈልግ ምንም አልመጣልኝም።

መልስ፦ አይመጣልሽም። በእንግሊዝኛ «Welsh triple harp» (የዌልስ ባለሦስት ረድፍ ሃርፕ) ብለሽ ጻፊ፤ ናንሲና ሊዮ ከመጀመሪያዎቹ ይመጣሉ። ከዚያ ስማቸውን እዚያው መቅዳት ነው።

ጥያቄ፦ ሃርፑን መግዛት ብፈልግ?

መልስ፦ ሱቅ ገብተህ የምታነሣው ዕቃ አይደለም። በ20ኛው መቶ ዘመን ሥራውን ያነሣሣው ጆን ዌስተን ቶማስ የሚባል ባለሙያ ነበር፤ ዛሬም የሚሠሩት ጥቂት ሰዎች በትእዛዝ ነው። መጀመሪያ ትንሽ ባለአንድ ረድፍ ሃርፕ ተከራይ፤ ጣትህ ከለመደ በኋላ እናወራለን።