ያገለገለ ቺፐር ልትገዙ ነው? መጀመሪያ እጃችሁን ወደ ማርሚታው አስጠጉ

ውጭ አገር በዛፍ ቆረጣ ሥራ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። ቺፐር ማለት የተቆረጠውን ቅርንጫፍና ግንድ የሚከትፈው ማሽን ነው። አዲስ የመጡ ወገኖቼ በየጊዜው ይደውሉልኛል። "ጋሼ፣ ቺፐር ገዛሁ፣ ሞተሩ ግን..." ከ"ግን" በኋላ ያለውን በቃሌ አውቀዋለሁ። ዛሬ ልቆጣ ነው፣ ቅር አይበላችሁ።

1. ወረቀት። የሻጩ ስምና የማሽኑ መለያ ቁጥር ከሰነዱ ጋር ካልገጠመ ዞር በሉ። አለቀ።

2. ሰዓት ቆጣሪ። ቺፐር የሚለካው በሠራበት ሰዓት ነው፤ ቆጣሪው ግን ይቀየራል። እንጨት የሚስበው ሮለር ጥርሱ ተሟጦ፣ የማስገቢያው አፍ ቀለሙ ተልጦ እያያችሁት ቆጣሪው 200 ሰዓት ብቻ ካለ ማንን ታምናላችሁ? እኔ ብረቱን አምናለሁ።

3. ሞተር። ሳይነሳ የዘይት መለኪያውን አውጡ። ዘይቱ ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል፤ ብዙ ጊዜ የቴስታታው ጓርኒሲዮን (የሞተሩ ራስ ማሸጊያ) ሄዷል ማለት ነው። በጣታችሁ ስታሹት ብልጭ ብልጭ የሚል ብረት ካለው ውስጡ እየተበላ ነው። የናፍጣ ሞተር ዘይት መጥቆሩ ብቻውን አያስደንግጣችሁ። ቀጥሎ የአየር ፊልትሮውን አውጡና ወደ ሞተሩ የሚገባውን ቱቦ ውስጡን በጣት ጥረጉት። ይህን የሚያደርግ ሰው ብዙም አላየሁም! ቺፐር ቀኑን ሙሉ የሚውለው ራሱ በሚያቦነው ብናኝ ውስጥ ነው። ጣታችሁ አቧራ ይዞ ከወጣ ሞተሩ አቧራ ሲስብ ኖሯል፣ ፋሻውም (የፒስተኑ ቀለበት) ሲሊንደሩም ተሞርዷል።

ሲነሳ ጭሱን እዩ። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየበላ ነው። ጥቁሩ ነዳጅ መብዛቱን ወይም አየር ማነሱን ይናገራል፤ አንዳንዴ ፊልትሮ በመቀየር ይድናል። ነጩ ሞተሩ ሞቆም ካልቆመ ማሽኑን ተዉት። እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ቀስ ብላችሁ ፍቱት። ትንሽ እፍ እፍ ማለት ያለ ነው። ክዳኑን የሚያስነሳ፣ ጭስ የሚተፋ ከሆነ ግን ጋዙ በፋሻው በኩል እያመለጠ ነው። ከዚያ ወፍራም ግንድ ስጡት። ባዶውን ሲዞርማ ሁሉም ሞተር ጎበዝ ነው። ቢላው የደነዘ ከሆነ ጤነኛ ሞተርም ስለሚያቃስት ቢላውን ቀድማችሁ እዩ። (ሞተሩ ጠፍቶም ቢላው የታሰረበት ከበሮ ይዞራል። ቁልፉ ኪሳችሁ ሳይገባና ከበሮው ጭጭ ሳይል እጅ አታስገቡ።)

4. ይሉኝታ። ከላይ የጻፍኩት ሁሉ ገደል የሚገባው እዚህ ጋ ነው። ሻጩ ባዕድ ሲሆን ጎማ ሳይቀር የሚረግጥ ሰው፣ የአገር ልጅ ሲሆን እጁን ኪሱ ከቶ ያወራል። "እንዴት ክዳን ክፈትልኝ እለዋለሁ? ያላመንኩት ይመስለዋል።" ይምሰለዋ! ከመሄዳችሁ በፊት ደውላችሁ "እስክመጣ እንዳታስነሳው" በሉ። ስትደርሱ እጃችሁን ወደ ማርሚታው (ወደ ጭስ ማውጫው) አስጠጉ። ከሞቀ በሌላ ቀን ተመለሱ። ፋሻው ያለቀ ሞተር ሲቀዘቅዝ አልነሳም ይላል፣ ሲሞቅ ግን እንደ አዲስ ነው የሚነሳው።

እኔ የመጀመሪያውን ቺፐሬን ከአገር ልጅ ነው የገዛሁት። ስደርስ እየሠራ ነበር። "አሙቄ ጠበቅኩህ" አለኝ፣ እንደ ውለታ ቆጠርኩለት። በማግስቱ ጠዋት አልነሳ አለ። ገንዘቡ ከታናሽ ወንድሜ ጋር ያጠራቀምነው ነበር፤ እስከ ዛሬ ስለዚያ ማሽን አናወራም።

ቀጥሎ ያለውን ለሰው ነግሬ አላውቅም። ማሽኑን አልጣልኩትም፣ ሸጥኩት። አንድ ገና የመጣ ልጅ ሊያየው ሲመጣ እኔ ከማለዳው ጀምሬ ሳሞቀው ነበር። ማርሚታው ይፋጃል። ልጁ አጠገቡ ቆሞ የቤተሰቤን ደህንነት ጠየቀኝ። ክዳን አልከፈተም፣ ጣቱንም የትም አላስገባ። ገንዘቡን ቆጥሮ ሲሰጠኝ "ጋሼ፣ እርስዎ ደህና ነው ካሉኝ ይበቃኛል" አለኝ።